ሞተርና ማርሽ ለ402 ሜትር፦ የድራግ መኪና በጎጃም ከፍታ

ድራግ መኪኖች ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ 402 ሜትር (ሩብ ማይል) ወይም ግማሹን የሚሽቀዳደሙበት ውድድር ነው። ከኢንተርኔት የተቀዳ የድራግ ሞተር አሠራር ባሕር ዳር ላይ ሲሞከር ሳይሆን የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ መካኒኩ ሰንፎ አይደለም። አሠራሩ የታሰበው ለባሕር ጠለል አየር ስለሆነ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትርን ታልፋለች፤ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 በላይ ነው። 25 ዲግሪ በሆነ ቀን ባሕር ዳር ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር በክብደት ሲታይ መጻሕፍቱ መነሻ ከሚያደርጉት የባሕር ጠለል አየር 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ደብረ ማርቆስ በ18 ዲግሪ ወደ 73 በመቶ ይወርዳል። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይጎድላል፤ 140 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል ተብሎ የተሠራው ባሕር ዳር ላይ 108 ገደማ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ የሞተር ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ጉልበቱ ሲጎድል መጨረሻው መስመር ላይ የሚኖረው ፍጥነት ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ለባሕር ጠለል ልክ የነበረው ዲፍረንሻል (ዙሩን ቀንሶ ለኋላ ጎማዎች የሚሰጠው የመጨረሻ ማርሽ) እዚህ የማይሞላ ረጅም ይሆናል፤ የሬሾ ቁጥሩ ሲያንስ ማርሹ ረጅም፣ ሲበዛ አጭር ይባላል። ሞተሩን አንድ ጋራዥ ሠርቶ ጨርሶ ማርሹ "ኋላ ይታያል" ከተባለ፣ ለሞተሩ የወጣው ገንዘብ ግማሹ ሜዳ ላይ ይቀራል። ሁለቱ አብረው ይመረጣሉ። ስሌቱም የሚጀመረው ከመነሻው ሳይሆን ከመጨረሻው መስመር ነው።

ለምሳሌ የምንይዘው የኋላ ጎማ የሚነዳውን የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ፣ ማለትም ኬኢ70ን ነው። ቀላል ነው፤ የኋላ አክስሉ ድፍን ስለሆነ ሥራው አያስቸግርም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አገር ውስጥ ባለው መሥራት ግድ ሆኗል። ሞተሩ 1,587 ሲሲ የሆነው ባለ 16 ቫልቭ 4ኤ-ጂኢ፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ቲ50 ይሁን። የእናንተ መኪና ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ቀይሩ፤ መንገዱ አንድ ነው።

አስቀድሞ የሚለካ

መፍቻ ከመነሳቱ በፊት አምስት ነገር ወረቀት ላይ መስፈር አለበት።

የመጀመሪያው ርቀቱ ነው፤ 402 ሜትር ወይስ ግማሹ 201? ይህን የሚወስነው ምኞት ሳይሆን ያላችሁ ሜዳ ነው። በሰዓት 140 ኪ.ሜ. የሚሄድ መኪና በጥሩ ፍሬንና በደረቅ አስፋልት ለመቆም ሹፌሩ እስኪነቃ የሚያልፈውን ጨምሮ 150 ሜትር ያህል ይፈልጋል። የዚያን እጥፍ ያዙ። 700 ሜትር ቀጥ ያለ፣ በፈቃድ የተዘጋና ጠርዙ የተጠበቀ አስፋልት ከሌላችሁ 201ን ምረጡ። ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ ሜዳ አይደለም፤ ከብት፣ አህያና ባጃጅ አለበት፤ በገበያ ቀንማ አይወራ።

ሁለተኛው ክብደት ነው። በቆሎና ስንዴ የሚጭኑ መኪኖች የሚመዘኑበት ሚዛን ይሆናል፤ ግን እንዲህ ያለ ሚዛን ብዙ ጊዜ በ20 ኪሎ ነው የሚዘለው። ስለዚህ ሦስት ጊዜ መዝኑና አማካዩን ያዙ። ሹፌሩ ተቀምጦ፣ ነዳጁ ሩብ ሆኖ ይመዘን። ከዚያ የኋላ ጎማዎቹ ብቻ ሚዛኑ ላይ ሆነው ይደገም፤ መነሻው ላይ ይህ ቁጥር ከጠቅላላ ክብደቱ ይልቅ ይጠቅማል። ለምሳሌያችን 950 ኪሎ እንያዝ፤ ኋላው 47 በመቶ።

ሦስተኛው የጎማው ዙሪያ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈውን አስልቶ መተው ስህተት ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት ያጥራል። በምትወዳደሩበት ነፋስ ልክ ሞልታችሁ፣ ሹፌሩ ውስጥ ሆኖ፣ ጎማውና መሬቱ ላይ በጠመኔ አስምራችሁ አምስት ዙር ግፉት። የሄደውን ርቀት ለአምስት አካፍሉ። 185/60 አር14 በስሌት 1.81 ሜትር ይመጣል፤ ሲለካ ግን 1.77 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ መጨረሻው መስመር ላይ ግን በደቂቃ ከ150 የሞተር ዙር በላይ ነው።

አራተኛው ዲፍረንሻሉ ነው። ሻጩ የነገራችሁን ሬሾ አትመኑ። የፊቱን ጎማዎች በታኮ ያዙ፤ ማርሹን ባዶ አድርጉ፤ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሡ፤ መኪናውን ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ አሳርፉ። የተነሳውን ጎማ ድፍን ሁለት ዙር አዙሩና ትራንስሚሽኑ (ከካምቢዮው ወደ ዲፍረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ) ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። አራት ዙርና ትንሽ ከሆነ 4.1 ወይም 4.3 ነው። የቀረውን የሚለየው የጥርስ ቆጠራ ነው፦ 43 ጥርስ ያለው ኮሮና (የዲፍረንሻሉ ትልቁ ጥርስ) በ10 ጥርስ ፒኞን (ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ) 4.3 ይሆናል፣ በ11 ጥርስ 3.909፣ በ9 ጥርስ 4.778።

አምስተኛው የሞተሩ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ደህና ሞተር ያለ ጥፋቱ ይፈርሳል። መመሪያው 180 ፒኤስአይ የሚል ከሆነ ያ ቁጥር የባሕር ጠለል ነው። ጤነኛው ሞተር ባሕር ዳር ላይ 145 አካባቢ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ 134 አካባቢ ያነባል። "ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል" ከመባሉ በፊት የሲሊንደሮቹ ልዩነት ይታይ። ትልቁና ትንሹ ከ10 በመቶ በላይ ካልተራራቁ፣ ቤንዚን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ ከተለካና ባትሪው ደህና ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው።

ከመጨረሻው መስመር ወደ ኋላ

ስልካችሁ ላይ ባለው ካልኩሌተር የሚሠራ ነው። የፈረስ ጉልበቱን በኪሎ ለተለካው ክብደት አካፍሉ፤ የውጤቱን ኪዩብ ሩት አውጡ። ያንን በ289 ስታባዙት በ402 ሜትር ላይ የሚኖራችሁ ፍጥነት ይመጣል፣ በሰዓት ኪ.ሜ.። 7.58ን ለዚያው ኪዩብ ሩት ብታካፍሉት ደግሞ ሰከንዱን ታገኛላችሁ። ጎማው በደንብ እንደያዘና ሹፌሩ እንዳልተሳሳተ የሚቆጥር ግምት ነው፤ ዲፍረንሻል ለመምረጥ ግን ይበቃል።

108ን ለ950 ስናካፍል 0.114 ነው፤ ኪዩብ ሩቱ 0.485። ፍጥነቱ 140 ኪ.ሜ.፣ ሰዓቱ 15.6 ሰከንድ። ያው መኪና 140 የፈረስ ጉልበቱን ይዞ ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን 153 ኪ.ሜ. ይደርስ ነበር። 13 ኪሎ ሜትሩ ነው ማርሹን በ8 በመቶ እንድናሳጥር የሚያስገድደን። ደብረ ማርቆስ ላይ ቢሠራ 137 ይመጣል፤ ከባሕር ዳር ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚለየው። ስለዚህ አንድ ዲፍረንሻል ሁለቱንም ከተማ ያገለግላል። ካርቡሬተሩ ግን አያገለግልም፤ እሱን ኋላ እናየዋለን።

ቀጥሎ የሞተሩ ዙር ነው። ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበቱን በ6,900 ዙር የሚሰጥና በ7,500 የሚቆም ከሆነ፣ መስመሩን በ7,000 እና በ7,300 መካከል እንዲያልፍ እንፈልጋለን። ከዚያ በታች ካለፈ ማርሹ ረዝሟል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ነፋስ ከኋላ በገፋ ቀን መስመሩ ሳይደርስ ዙሩ ያልቃል።

ዙሩን ለማግኘት ፍጥነቱን በ1,000፣ በማርሹ ሬሾና በዲፍረንሻሉ ሬሾ አባዙ፤ ከዚያ የጎማውን ዙሪያ በ60 አባዝታችሁ ለዚያ አካፍሉ። የቲ50 ሬሾዎች 3.587፣ 2.022፣ 1.384፣ 1.000 እና 0.861 ናቸው።

በአራተኛ ማርሽ 140ን በ7,000 ዙር ለማለፍ ከ5.3 የማያንስ ዲፍረንሻል ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው፤ ቢገኝም አንደኛ ማርሽ ገና ሳይያዝ ያልቃል። በሦስተኛ ግን 3.909 ስናደርግ 7,130 ዙር ይመጣል። ለ402 ሜትር መልሱ ይኸው ነው፦ 3.909፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ማርሽ መቀየር፣ በሦስተኛ መጨረስ።

ብዙ ሰው "ማጠር ጥሩ ነው" ብሎ 4.3ን እንዳለ ይተወዋል። እስኪ እንየው። ሦስተኛው ማርሽ በ7,500 ዙር 134 ኪ.ሜ. ላይ ያልቃል። ሹፌሩ መስመሩ ሲቃረብ አራተኛ ለማስገባት ይገደዳል፤ ዙሩ ወደ 5,400 አካባቢ ይወድቃል፤ ሞተሩም ሳይነሳ መስመሩን ያልፋል። አጭር ማርሽ ጥሩ የሚሆነው ቁጥሩ ከመጨረሻው መስመር ጋር ሲገጥም ብቻ ነው።

ለ201 ሜትር ሌላ ታሪክ ነው። የዚያ ርቀት ፍጥነት የ402ቱ 80 በመቶ ያህል ስለሆነ 112 ኪ.ሜ. እንይዛለን። 4.3 በሦስተኛ 6,280 ዙር ላይ ያሳልፋል፤ ይረዝማል። 4.778 ግን 6,970 ይሰጣል፤ ልክ ነው። ዲፍረንሻል መግዛት ካልተቻለ ጎማው ርካሹ ማርሽ ነው። 4.3 ሳይነካ 175/50 አር13 ብታስሩለት ዙሪያው ወደ 1.55 ሜትር ይወርድና 7,170 ዙር ላይ ያልፋል፤ 4.9 ዲፍረንሻል እንደገጠማችሁ ቁጠሩት። ቸርኬው ከፍሬኑ ጋር እንዳይነካካ አስቀድማችሁ ሞክሩ።

አሁን ወደ መነሻው እንመለስ። የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ጋር ሊይዙት የሚችሉት ግፊት ጣሪያ አለው። በተራ የመንገድ ጎማና በጥሩ ደረቅ አስፋልት፣ ክብደቱ ወደ ኋላ የሚሸሸውን ጨምረን ስናሰላ፣ ለዚህ መኪና 4,850 ኒውተን ገደማ ነው። ሞተሩ 115 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) ቢሰጥ በአንደኛ ማርሽ ጎማው ላይ የሚደርሰው በ3.909 ወደ 5,040፣ በ4.3 ወደ 5,540፣ በ4.778 ወደ 6,160 ኒውተን ነው። 3.909 ጣሪያውን በትንሹ ነው የሚያልፈው፤ በፍሪሲዮን ይገራል። 4.778 ግን ከሩብ በላይ ስለሚያልፍ ጎማው ጭስ አውጥቶ ይሽከረከራል፤ መኪናው ቆሞ ይቀራል። በ4.778 የምትወዳደሩ ከሆነ ወይ ለስላሳ የውድድር ጎማ ያስፈልጋል፣ ወይ መነሻው ከ3,500 ዙር መብለጥ የለበትም። ጢሱ ተመልካች ያስጨበጭባል፤ ሰዓቱን ግን ይበላል።

ሞተሩን ለማርሹ መሥራት

ማርሹ ከታወቀ ሞተሩ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ራሱ ይናገራል። ቲ50 ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲገባ ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ በ7,500 ብትቀይሩ ዙሩ ወደ 4,230 ይወድቃል። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ 5,130 ላይ ይቆማል። ስለዚህ ይህ ሞተር ከ4,200 ጀምሮ መሳብ አለበት። 288 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፤ ዲግሪው ቫልቩ ክፍት የሚቆይበት ነው) ገጥሞ ከ5,000 በታች የሚያስል ሞተር ለዚህ ካምቢዮ አይሆንም፤ ከፍታው ደግሞ ያንኑ ድክመት ያባብሰዋል። 256 ወይም 264 ዲግሪ ያዙ። ከፍተኛው ጉልበት ጥቂት ቢቀንስም በሁለተኛ ማርሽ የሚያተርፈው ይበልጣል።

ኮምፕሬሽን ሬሾ (አየሩ ስንት እጥፍ እንደሚጨመቅ) ላይ ግን ከፍታው ባለውለታ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨመቀው ስለሚያንስ፣ ማደያው በሚሰጣችሁ ቤንዚን ባሕር ጠለል ላይ ያንኳኳ (ቤንዚኑን ያለ ጊዜው ያፈነዳ) የነበረ ሬሾ እዚህ ሳያንኳኳ ይሠራል። ከፋብሪካ 9.4 ሆኖ የመጣውን 4ኤ-ጂኢ 10.8 ማድረስ ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአንዱ ሲሊንደር መጠን፣ ስፋቱ 81 ሚ.ሜ. ምቱ 77 ሚ.ሜ. ሆኖ፣ 397 ሲሲ ነው። ሬሾው 9.4 ሲሆን ፒስተኑ ላይ ደርሶ የሚቀረው ቦታ 47 ሲሲ ነው፤ ለ10.8 ደግሞ 40.5 ሲሲ መሆን አለበት። ያለውን ለመለካት ከመድኃኒት ቤት 20 ሲሲ መርፌ ግዙ። ቴስታታውን (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን ክዳን) አጽድታችሁ፣ ቫልቮቹን ገጥማችሁ፣ ካንዴላውን አስራችሁ ገልብጡት። ዙሪያውን ግራሶ ቀብታችሁ፣ መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ያለው ግልጽ ፕላስቲክ አልብሱት። ቀለም የገባበት ውሃ በመርፌው እየለካችሁ አረፋ ሳይቀር ሙሉ። አራቱም በግማሽ ሲሲ ውስጥ ካልተቀራረቡ ትርፉን ከትንሾቹ ላይ ፋቁ፤ ትልቁን ለብቻው ማሳነስ አይቻልም።

ጓርኒሲዮኑን (ከቴስታታው ሥር የሚገባውን ስስ ማሸጊያ) ከ1.2 ሚ.ሜ. ወደ 0.8 መቀየር ሁለት ሲሲ ያህል ይቀንሳል። የቀረው ከቴስታታው ይላጫል። ሲላጭ ሁለት ነገር ይከተላል፦ ካምሻፍቶቹ ወደ ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ ወደሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ስለሚቀርቡ ታይሚንጋቸው ወደ ኋላ ይዘገያል፤ ቫልቭና ፒስተንም ይቀራረባሉ። የመጀመሪያውን የሚያስተካክለው ተስተካካይ የካም ፑሊ ነው። ሁለተኛውን ለማወቅ ፒስተኑ አናት ላይ የልጆች መጫወቻ ጭቃ አስቀምጡ፤ ቴስታታውን አስራችሁ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሩ፤ ፍቱና ጭቃውን በምላጭ ቆርጣችሁ ለኩ። በማስገቢያው ቫልቭ 2 ሚ.ሜ.፣ በማስወጫው 2.5 ሚ.ሜ. ካልቀረ ፒስተኑ ይፈለፈል። በዚህ ላይ "ይበቃል" ብሎ ማለፍ አንድ ማርሽ ስትስቱ አራት ቫልቭ ያጎብጣል።

ፋሻ ስትገጥሙ ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ ክተቱና በተገለበጠ ፒስተን 25 ሚ.ሜ. ወደ ታች ግፉት፤ ቀጥ ይላል። አፉን በስፔሶር (በስስ የክፍተት መለኪያ) ለኩ። ቱርቦ ለሌለው ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት በ0.004 ሲባዛ 0.32 ሚ.ሜ. ይሆናል፤ ሁለተኛው ፋሻ ትንሽ ይስፋ። ከዚህ ከጠበበ ሲግል አፍና አፉ ይገናኝና ሲሊንደሩን ይፍቀዋል። ከሳጥኑ ወጥቶ ልክ ነው ብሎ መግጠም የተለመደ ስንፍና ነው።

ለብሮንዚናዎቹ (ክራንክ ሻፍቱ ለሚዞርባቸው ስስ ሽፋኖች) ደንቡ በየአንድ ሚሊ ሜትር የክራንክ ሻፍት አንገት አንድ ሺኛ ሚሊ ሜትር ክፍተት ነው፤ 40 ሚ.ሜ. አንገት ላይ 0.04 ገደማ። ጠብቆ ከተሠራ በ7,000 ዙር ተጣብቆ ይቆማል፤ ሰፍቶ ከተሠራ የዘይት ግፊቱ ይወርዳል። ምቱ 77 ሚ.ሜ. ስለሆነ በ7,500 ዙር ፒስተኑ በአማካይ በሰከንድ 19 ሜትር ይሮጣል። የፋብሪካ ቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) እና ፒስተን ይዞ ከዚያ በላይ መውጣት ቁማር ነው። የቢየላ ቡሎን ያገለገለ አይታሰር፤ ከሱማሌ ተራ የመጣ ሞተር ውጪው ቢያብረቀርቅም ቡሎኑ ስንት ጊዜ እንደተሳበ የሚያውቅ የለም።

ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ከባድ ክብ ብረት) አቅልሉ የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ለጠመዝማዛ መንገድ ጥሩ ነው፤ ለዚህ አይሆንም። ቶርኩ በከፍታው የሳሳ ሞተር መነሻ ላይ የሚገፋው ቮላኖው ባጠራቀመው ጉልበት ነው፤ አቅልላችሁት ፍሪሲዮን ስትለቁ ዙሩ ይሞታል። የፋብሪካውን ክብደት ተዉት። ገንዘቡን ጥሩ ፍሪሲዮንና አራት ለአንድ የሚገናኝ የጭስ ማውጫ ላይ አውሉ።

ነዳጅና እሳት

ካርቡሬተር አየሩ እንደሳሳ አያውቅም። ሞተሩ የሚስበው አየር በክብደት ወደ 78 በመቶ ሲወርድ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ባሕር ዳር ላይ ድብልቁ 13 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። ጭሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ሞተሩ "ይታነቃል"። የጄቱን (የቤንዚን ማሳለፊያውን) ቀዳዳ ስፋት በ6 በመቶ ቀንሱ፤ ባሕር ጠለል ላይ 130 የነበረው 122 ገደማ ይሆናል፣ 120 እና 125 ይዛችሁ ሞክሩ። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ስትወጡ ደግሞ አንድ ደረጃ ዝቅ። በኮምፒውተር የሚመራ ኢንጀክሽን፣ የማኒፎልዱን ግፊት የሚለካ ሴንሰር ካለው፣ አብዛኛውን ራሱ ያስተካክላል።

ድብልቁን በካንዴላው ዕዩ፦ አንድ ሙሉ ሩጫ ሮጣችሁ፣ መስመሩን ስታልፉ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሞተሩን በአንዴ አጥፉና ካንዴላውን ፍቱ። እያንደቀደቁ ወደ መነሻው ከመለሳችሁት የምታዩት የመመለሻውን ድብልቅ ነው።

ስስ አየር ቀስ ብሎ ስለሚነድ እሳቱን (ካንዴላው የሚፈነጥቅበትን ጊዜ) 2 ዲግሪ ማስቀደም ብዙውን ጊዜ ያተርፋል። በአንድ ጊዜ አንድ ዲግሪ፤ ሰዓቱ ካልተሻሻለ መልሱት። የካንዴላ ክፍተት 0.8 ሚ.ሜ.፤ ሙቀቱ ከፋብሪካው አንድ ደረጃ የቀዘቀዘ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለባሕር ዳር ተስተካክሎ 10.8 የሆነ ሞተር ዓባይ በረሃ ሲወርድ ሌላ አየር ነው የሚያገኘው። ወንዙ ዳር ከፍታው ከ1,000 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ሙቀቱም ሌላ ነው። ከዚያ ወደ ጎሐ ጽዮን ወይም ወደ ደጀን ዳገቱን ፔዳል ረግጦ መውጣት ፒስተን ያበሳል። በጭነት መኪና ይሻገር፤ በራሱ የሚሄድ ከሆነ እሳቱን 4 ዲግሪ መልሱ፤ ቀስም ይበል።

ቱርቦ

ለጎጃም ከፍታ እውነተኛው መድኃኒት ቱርቦ ነው፤ ግን ለመጀመሪያ መኪና አይመከርም። ባሕር ዳር ላይ የአየሩ ግፊት 0.81 ባር ስለሆነ ጌጁ 0.7 ሲያነብ ሞተሩ የሚያገኘው 1.51 ባር ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ 1.71 ይሆን ነበር። 1.71 ለማግኘት ጌጁን 0.9 ስታደርሱት ቱርቦው አየሩን ከሁለት እጥፍ በላይ ይጨምቃል፤ በጣም ይሮጣል፤ አየሩም ይግላል። ኢንተርኩለር (ያን አየር የሚያቀዘቅዘው) የግድ ነው። ኮምፕሬሽኑ 8.5 አካባቢ ይሁን፤ የላይኛው ፋሻ አፍ ከ0.40 እስከ 0.45 ሚ.ሜ. ይስፋ። ቲ50 ጠንካራ ካምቢዮ አይደለም፤ ከቱርቦው በፊት እሱ ይታሰብበት። መስመሩ ላይ ያለው ፍጥነት ስለሚያድግም የማርሹ ስሌት ከመጀመሪያው ይሠራል።

ዲፍረንሻሉ ሲከፈት

ኬኢ70 ይዞት የመጣው አክስል የተሠራው ለ1,300 ሲሲ ሞተር ነው። ኮሮናው 6.7 ኢንች የሆነውን ፈልጉ። ኮሮናና ፒኞን በፋብሪካ አብረው የተፋጩ ጥንዶች ናቸው፤ ሁለቱም ላይ የተቀረጸው ቁጥር ካልገጠመ አትግዙ። ኮሮናውን ከአንዱ፣ ፒኞኑን ከሌላው ሱቅ ያገጣጠመ ሰው በመጀመሪያው ቀን ጩኸት፣ በሁለተኛው ቀን የጥርስ ስባሪ ይሰማል።

በፒኞኑ ኩሽኔታዎች መካከል ያለው ተጨማቂ ቀለበት አንዴ ከተጫነ አይመለስም፤ አዲስ ይግባ። ዳዶው ሲጠብቅ አልፋችሁ ከሄዳችሁ ፈትቶ ማላላት መፍትሔ አይሆንም፤ ቀለበቱ እንደገና ይቀየራል። በኮሮናና ፒኞን መካከል ያለው መፈናፈኛ ሰዓት በሚመስለው መለኪያ (ዲያል ጌጅ) ከ0.13 እስከ 0.18 ሚ.ሜ. ይሁን፤ አራት ቦታ ላይ ለኩ። ከዚያ ጥርሶቹን ቀለም ቀብታችሁ አዙሩ፤ ምልክቱ የጥርሱ መሐል ላይ ማረፍ አለበት። ወደ ጥርሱ ሥር ካረፈ ፒኞኑ ገብቷል፤ ወደ ጫፉ ከሆነ ወጥቷል። ዘይቱ ጂኤል-5 80ደብሊው-90። መጀመሪያ 30 ኪ.ሜ. ያህል በለዘብታ ሂዱና ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ 500 ኪ.ሜ. ላይ ዘይቱ ይለወጥ። ለዚህ ማሟሻ ከባሕር ዳር ወደ መራዊ ያለው ለጥ ያለ መንገድ ይበቃል፤ የደጀን ዳገት ለአዲስ ጥርስ አይሆንም።

ትራንስሚሽኑ ሥር የብረት ቀለበት ይበየድ፤ ውፍረቱ 6 ሚ.ሜ.፣ ስፋቱ 50 ሚ.ሜ.፣ ከፊተኛው ክሮቼራ (የትራንስሚሽኑ መስቀል መጋጠሚያ) ከ15 ሳ.ሜ. ሳይርቅ። ክሮቼራው ሲሰበር ትራንስሚሽኑ መሬት ወግቶ መኪናውን እንዳይገለብጠው ነው። ሄልሜት፣ በደንብ የታሰረ ቀበቶና ሹፌሩ እጁ የሚደርስበት እሳት ማጥፊያ ሳይኖር ሞተር አይነሳ።

ሜዳ ላይ

ጠዋት ሩጡ። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሳይነሳ። ክረምት ላይ አስፋልቱ ደርቆ ቢመስልም ጎማ አይይዝም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሩጫዎች ምንም ሳትነኩ ሩጡ። በየሩጫው አራት ነገር ይጻፍ፦ ሙቀት፣ የመነሻ ዙር፣ እያንዳንዱ ማርሽ የተቀየረበት ዙር፣ መስመሩ የታለፈበት ዙር። የመጨረሻው ቁጥር ከ7,000 በታች ከሆነ ወዲያው ዲፍረንሻል አትቀይሩ። መጀመሪያ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ የተቀየሩበትን ዕዩ፤ ሹፌሩ በ6,500 እየቀየረ ከሆነ ያጠፋው እሱ ነው። በ7,500 ቀይሮ መስመሩን በ6,600 ካለፈ ጉልበቱ ከገመታችሁት ያነሰ ነው፦ ካንዴላውን፣ ቀጥሎ ጄቱን፣ ቀጥሎ የካም ታይሚንጉን ፈትሹ። እነዚህ ደህና ሆነው ዙሩ ከዚያው ካልተነቃነቀ፣ ያኔ 3.909ን አውጥታችሁ 4.1 ግጠሙ።